የአባባ ካርቡራቶር በስኪዳም

አምስተርዳም፣ ሰኔ 1986 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ጤናዎን ባለፈው እሑድ በስልክ ስለጠየቅሁ፣ የእማማንም ጉልበት ደህና መሆኑን ስለሰማሁ፣ የሰላምታውን ገጽ ዘልዬ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ። ይህንንም በስልክ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። ግን እርስዎ ስልክ ላይ ሰው አያስጨርሱም። ደብዳቤን ደግሞ "ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ነገር ንገሪኝ" ብለው ሊያቋርጡት አይችሉም። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና እስከ መጨረሻው ይታገሱኝ።

ካርቡራቶሩን የላኩላት መኪና ሄዳለች። በራሷ ጎማ፣ በአዲሱ ሞተሯ፣ ከአምስተርዳም ተነሥታ ስኪዳም ገብታለች። እንዴት እንደሄደች ከመንገሬ በፊት ግን ለምን መሄድ እንደነበረባት ልንገርዎ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርሁዎትም።

እንደሚያውቁት እዚህ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ በመካኒክነት ተመርቄያለሁ። ዲፕሎማዬን ይዤ ያላንኳኳሁት ጋራዥ የለም። ሁሉም በትሕትና ይቀበሉኛል፣ ቡና ይሰጡኛል፣ "እንደውልልሻለን" ይሉኛል፣ አይደውሉም። እኔም ወደ አረጋውያኑ ቤት ተመልሼ አልጋ አነጥፋለሁ። የዚህ ሀገር ሰው እምቢ ሲል እንኳ ፈገግ ብሎ ነው። እርስዎ ይሻሉኝ ነበር። እርስዎ ፊት ለፊት "ዘይት የነካው ጣት ቀለበት አይዝም" ብለው ጋራዥዎ እንግዳ መቀበያ ላይ አስቀመጡኝ፤ ቁልፉንና መፍቻውን ለወንድሜ ለአሸናፊ ሰጡት። አሸናፊ ባንክ ገባ። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ሙያዎን በጆሮዬ ስሰርቅ ኖርኩ። የትኛው መኪና ካንዴላው እንደደከመ፣ የትኛው ቫልቩ እንደላላ፣ ገና በሩን ሳያልፍ አውቅ ነበር። በጣም ተቀይሜዎት ነበር፣ አባባ። እውነቱን ለመናገር አሁንም ትንሽ አለብኝ።

በጥር ወር ለሶሊሲታሲ፣ ማለትም ሥራ ለመጠየቅ፣ ስኪዳም ሄድኩ። ሮተርዳም ጥግ ያለች፣ ድሮ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ነች። እዚያ ቴውን የሚባል፣ የጣልያን መኪና ብቻ የሚጠግን ሰው አለ። ዲፕሎማዬን በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና መለሰልኝ።

"ወረቀት ብሎን አይፈታም። ሌላ ምን አለሽ?" አለኝ።

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል፤ ከማን እንደወረስሁት ያውቃሉ። "ፊያት ስፖርት ኩፔ ላይ ሁለት ሊትር ሞተር እያስገባሁ ነው" አልኩት። ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሞተሩ ወለል ላይ፣ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ነበሩ።

ቴውን ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

"የራሷን ትንሹን ሞተር አውጥተሽ?"

"አዎ።"

"ብቻሽን?"

"ከአንድ ሽማግሌ ጋር።"

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አሰበ። "አንዱ መካኒኬ በሰኔ ጡረታ ይወጣል። እስከዚያ መኪናዋን ራስሽ እየነዳሽ እዚህ በር ድረስ ካመጣሻት ቦታው ያንቺ ነው። ተጎትታ ከመጣች ግን ቡናሽን ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፣ አባባ። ወይ መኪናዋ በእግሯ ትሄዳለች፣ ወይ እኔ ዕድሜ ልኬን አልጋ አነጥፋለሁ።

ሽማግሌው አቦይ ረዘነ ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ኢንዲሸ ቡርት በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ ቀድሞ ዳቦ መጋገሪያ የነበረ ክፍል አላቸው። "አይጥ ከሚያድርበት ሞተር ይደርበት" ብለው ሰጡኝ። ኩፔዋን ወለሏ በዝገት ተበልቶ አገኘናት፤ ሞተሩን ከተጋጨ ፊያት 132 ላይ አወጣነው። ሁለት ሊትሩ ረጅም ስለሆነ ኮፈኑ አልገጥም አለ፤ ቀደድንና ጉብ ያለ ቆርቆሮ በየድንበት። የሞተሩን መቀመጫ ሠርተን አፈረስን፣ አፍርሰን ሠራን። እሳቸው "በዓይን ይበቃል" ይላሉ፣ እኔ "በሚሊሜትር" እላለሁ። ተኳርፈን ጀርባ ለጀርባ ብሎን ያጠበቅንባቸው ቀኖች ነበሩ። ስንታረቅ እሳቸው ይበይዳሉ፣ እኔ እለካለሁ፤ እንዲህ እያልን ገጠመ።

የቀረን ካርቡራቶር ነበር። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ከራስዎ ፊያት ላይ ፈትተው፣ በአሮጌ ሸሚዝዎ ጠቅልለው፣ በመንገደኛ እጅ የላኩልኝ። ጨርቁን ስፈታ አለቀስኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከእጅዎ የተቀበልኩት የመጀመሪያው የመኪና ዕቃ እሱ ነው። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን፣ ቀዳዳ የምንላቸውን ትንንሽ የናስ ብሎኖች ራስዎ መርጠው የገጠሙበት፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ የሚስቅ ካርቡራቶር። አቦይ ረዘነ አገላብጠው አዩትና "ይህን ያስተካከለ ሰው የሚሠራውን ያውቃል" አሉ። ደስ አለኝ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። የሞተር ለውጡን የሚያየው መርማሪም ብየዳችንን በባትሪ መብራት እያበራ ፈትሾ ፈቀደልን። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በከተማው ዙሪያ ወዳለው ሰፊ መንገድ አወጣኋትና ትንሽ ረገጥኳት። ሙቀቷ ወጣ። ቀጥሎ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚናጥ የሚመስል መንኳኳት መጣ። ቀጥሎ ጭስ፣ ቀጥሎ ዝም። ተጎትታ ተመለሰች። ስንፈታው የአንዱ ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል።

ያን ቀን ደወልኩልዎ።

"ካርቡራቶሩን ማን ነካው?" አሉኝ።

"ማንም አልነካውም፣ አባባ።"

"እንግዲያው እሱን እንዳትነኪ። ጥፋቱ ከሆላንድ ነው።"

እኔም አልነካሁትም። ፒስተኑን ቀየርን። ራዲያተሩን በትልቅ ቀየርን፣ የውሃውን ፖምፓ ጣልን፣ ካንዴላዎቹን ለወጥን። እንደገና አስነሥተን ስናወጣት እንደገና ሙቀቷ ሊወጣ ሲል አጥፍቼ ጠርዝ ያዝኩ። ከእርስዎ እጅ ከመጣው በቀር ያልፈታነው ነገር አልነበረም። እሱን መጠርጠር በአእምሮዬም አልዞረም፤ አባት ይጠረጠራል እንዴ? ግንቦት እየተጋመሰ ሄደ። አቦይ ረዘነም "ይህ ሞተር ይህን አካል አልወደደውም፣ ጓለይ" ማለት ጀመሩ። "ልጄ" ማለታቸው ነው፤ እንዲህ የሚሉኝ ተስፋ ሲቆርጡ ነው። ለቴውን ደውዬ ሌላ ሰው ፈልግ ልለው ቆርጬ ነበር።

ያዳኑን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሓረጉ ናቸው። ከአስመራ የመጡት በገና ሰሞን ነው፤ ከመጡ ጀምሮም ከምድጃው ጋር ተጣልተው ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ስንቀርብ የምስር ወጡ ገንፎ ሆኖ መጣ።

"ደግሞ ፈረሰብኝ" አሉ ወይዘሮ ሓረጉ። "አስመራ ቢሆን በዚህ ሰዓት ገና ጥሬ ነው። ድስት ቀየርኩ፣ ምድጃ አስቀየርኩ፣ ያው ነው።"

"የሆላንድ ምስር ስለሆነ ነው" አሉ አቦይ ረዘነ።

"ከአስመራ ይዤው የመጣሁትን? አንተ ዝም ብለህ ብላ።"

እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ። ምስሩ ያው፣ ባለሙያዋ ያው፣ የተለየው ሀገሩ ብቻ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ብዙ ሳይግል ይፈላል፤ ምስሩም ቶሎ አይበስልም። እዚህ የምንኖረው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው። ይህን በማታ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ፤ ግን ከገዛ ሞተሬ ጋር አላገናኘሁትም። ስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል፣ ወፍራም አየር ግን ብዙ ይፈልጋል። እርስዎ የመረጧቸው ቀዳዳዎች ለአዲስ አበባ ልክ ነበሩ። እዚህ ግን ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ይነድ ነበር። አቦይ ረዘነና እኔ፣ ሁለት ደገኞች፣ ከባሕር በታች ተቀምጠን በደጋ ጆሮ ሞተር ስናስተካክል ከረምን። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ በቀር ማን ይሳሳታል?

"አባትሽ አትንኪው ብለዋል እኮ" አሉ አቦይ ረዘነ፣ ነገሩ ሲገባቸው።

"አባባ እዚያ ናቸው፣ ሞተሩ እዚህ ነው" አልኳቸው።

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ካቻቢቴውን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝ። ከዚያ ፈታሁት። ዴን ሃግ ውስጥ የካርቡራቶር ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ በባቡር ሄጄ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ገዛሁ፣ እየሞከርኩ፣ የካንዴላውን ቀለም እያየሁ፣ እስኪስማማት ቀያየርኩ። ድምጿ ወፈረ። አቦይ ረዘነ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ቆዩና "አሁን ጠገበች" አሉ።

የሄድነው ዓርብ ጠዋት ነው። አቦይ ረዘነ ከረባት አስረው ከጎኔ ተቀመጡ። ወይዘሮ ሓረጉም "መድኃኒቱን ያገኘሁት እኔ፣ የምቀረው እኔ?" ብለው ጥላቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ። እስከ ላይደን እንደ ውሃ ፈሰሰች። ዴን ሃግ ስንደርስ ግን ፊለ የሚሉት የመኪና ሰልፍ ጠበቀን፤ መኪናው ሁሉ በሦስት ረድፍ ተጣብቆ ቆሟል፣ ፀሐዩ ደግሞ ከላይ። ለሞተር ከመሮጥ ይልቅ መቆም እንደሚከብደው ለእርስዎ አልነግርም። ሥራዬ፣ ስሜ፣ ያ ሁሉ ድካም፣ በአንዲት ትንሽ የሙቀት መለኪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

"የት ደረሰች?" አሉ አቦይ ረዘነ።

"አጋማሽ ላይ ነች።"

"አሁንስ?"

"አጋማሽ ላይ ነች፣ አቦይ።"

"አሁንስ?"

"ሰውዬ፣ መኪናዋን የምታሞቃት አንተ ነህ" አሉ ወይዘሮ ሓረጉ ከኋላ።

መለኪያዋ ንቅንቅ አላለችም። መንገዱ ሲከፈት ሁለተኛ አስገባሁ፣ ሦስተኛ አስገባሁ፣ እግሬን ጫንኩ። አባባ፣ እንዴት ልንገርዎ? ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ። አቦይ ረዘነ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከጎናችን ሲኮራብን የነበረ አንድ የጀርመን መኪና በመስታወቴ ውስጥ እያነሰ ሄደ። እኔ ስቄ አላባራ አልኩ። ደልፍትን አለፍን፣ የሮተርዳም ሕንፃዎች ታዩ፣ ስኪዳም ገባን፣ በቴውን በር ፊት አቆምኳት።

ቴውን ዳቦውን እያላመጠ ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ። ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ። አስነሺ አለኝ፣ አጥፊ አለኝ፣ እንደገና አስነሺ አለኝ።

"ካርቡራቶሩን ማን ነው ያስተካከለው?"

"አባቴ" አልኩት። ቆየሁና "እኔም" ብዬ ጨመርኩ።

ብቻውን ይዟት ሄደ። ቶሎ አልተመለሰም፤ ወይዘሮ ሓረጉ ሰረቀን ብለው ነበር። ሲመለስ ፊቱ የሠርግ ቀን መስሏል፤ ከአፉ የወጣው ግን "ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ እንዳትዘገዪ" ብቻ ነው። ወይዘሮ ሓረጉ እዚያው መንገድ ላይ እልልታቸውን ለቀቁት። በሰፈሩ ያለ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። አቦይ ረዘነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መሐረብ አወጡ።

አትንኪ ያሉኝን ነክቻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ እርስዎም በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይነኩት ነበር። የአዲስ አበባዎቹን ቀዳዳዎች በብራና ወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ለሀገራቸው ልክ ናቸውና ይሥሩባቸው። ካርቡራቶሩን ግን አልመልስም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እዚህ ሀገር ሰው በሥራ ቦታ የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይመስላቸዋል። እኔም አላረምኳቸውም። ቱታዬ ደረት ላይ በቀይ ክር የተጠለፈው የእርስዎ ስም ነው። ቀኑን ሙሉ "ሽባባው፣ ያችን አልፋ መኪና እያት" ይላሉ። "ሽባባው፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?" ይላሉ። ትናንት ሁሉም ያቃታቸው አንድ ሞተር ነበር፤ ቴውን ጋራዡ መሐል ቆሞ "ሽባባውን ጥሩልኝ!" ብሎ ጮኸ።

እኔም በእርስዎ ስም ከመኪናው ሥር ወጣሁ።

ልጅዎ፣
ፀዳለ ሽባባው