ከወንበርዎ ጀርባ ስለተለጠፈው ወረቀት

ለተከበሩ አቶ ይሄነው፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ለባሌ ለአምባቸው የታዘዘለትን የጨጓራ መድኃኒት ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለልጃችን እንደሰጠኋት እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወደዚህ ከመመለሴ በፊት ግን እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? የእርስዎም ጨጓራ ሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፊደል የለየሁት በራሴ በመሆኑ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ልጄን የኔአለምን ይዤ እርስዎ ዘንድ ስመላለስ ከወንበርዎ ጀርባ ያለውን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። የጨጓራ ባክቴሪያ ካልታከመ ከዓመታት በኋላ በአንዳንድ ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል፣ በዚህ ካንሰር ሰው የሞተበት ቤተሰብ እንዲመረመር፣ መድኃኒቱም ሳይጓደል እስከ መጨረሻው እንዲወሰድ ይላል። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተውት ስለሚቀመጡ እንዳላዩት እረዳለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. የኔአለም የበላችው አልረጋ ብሏት፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ስትመጣ «በርበሬውን ተዪዋ እህቴ፤ መቼም እናንተ ያለ በርበሬ አይሆንላችሁም» ብለው ስላሳቁን አመሰግናለሁ። በርበሬውን ትታለች፤ ቤታችን አልጫ በአልጫ ሆኗል። ማቃጠሉ ግን ምክርዎን አልሰማም።

2ኛ. ለማይጓደለው ነጭ ሽሮፕ አመሰግናለሁ። ቃጠሎውን ለጊዜው ያበርደዋል፤ ባክቴሪያውም ማንም ሳይነካው በሰላም ይኖራል።

3ኛ. ስለ አሠራርዎ ጥብቅነት። ባክቴሪያው መኖሩ ሳይረጋገጥ መድኃኒት አይታዘዝም፤ የሰገራ መመርመሪያው አልቋል፤ ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፍልን ስንል ደግሞ መጀመሪያ እዚሁ ትመርመር ይሉናል። በረት እንኳ መውጫ አለው፤ የእርስዎ አጥር ግን ከዚያ ይበልጣል።

4ኛ. አንድ ቀን ትክክለኛውን ጥያቄ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ይህ ሽሙጥ አይደለም። «ከዚህ በፊት የባክቴሪያ መድኃኒት ወስደሻል?» አሏት። «ኧረ እኔ ወስጄ አላውቅም» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ወስዳለች። ያኔ ተማሪ ነበረች፤ አባትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ያድሩ ነበር፤ የታዘዘው ግን ለእሱ ብቻ ነው። መካነ ሰላም ወርጄ ከአቶ አሕመዲን መድኃኒት ቤት ስገዛ «አብሽሪ እታለም፣ ይሄ ያሽረዋል» አሉኝ። በእኛ ቤት አንዱ በልቶ ሌላው አያይም፤ እኔም ፍሬዎቹን እንደ ዳቦ እኩል አካፈልኳቸው። ለእሱ ሐኪሙ ያዘዘው ይህንኑ ነው አልኩት፤ ለእሷ የወስፋት መድኃኒት ነው አልኳት። ሁለቱም ወዲያው ተሻላቸው፤ እኔም ብልሃቴን ወደድኩት።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ላይ የአምባቸው ጨጓራ ካንሰር እንዳለበት ተነገረን። ሐኪሟ «የያኔውን መድኃኒት በአግባቡ ጨርሷል?» ብትለኝ «አዎ» አልኩ። ሙሉውን ቢወስድ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም፤ ባክቴሪያው ያለበት ሁሉ ካንሰር እንደማይይዘው ወረቀትዎም ይመሰክራል። ይህ «አላውቅም» ግን እንቅልፍ አያስተኛም።

አሁን ዝም ካልኩ፣ ሐኪም የተገኘ ዕለት ባክቴሪያው በግማሽ መጠን ተላምዶ የማይፈራውን ያንኑ መድኃኒት ሐኪሙ መልሶ ያዝዝላታል። ከተናገርኩ፣ አባቷን ያስታመመች እናቷ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ታውቃለች። ሁለቱን ሳመዛዝን ከረምኩ፤ እሷ ደግሞ በዚህ መሃል ከሳች። ስለዚህ ይህ ታሪክ በካርዷ ላይ ተጽፎ የደሴው ሪፈር እንዲፈረምልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ረጅም ዕድሜ እንዲቀመጡ የምትመኝልዎ፣ የወረፋዎ ቋሚ ደንበኛ፣
በለጡ፣ የአምባቸው ሚስት የነበርኩ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከወረቀቱ ጎን እለጥፈዋለሁ። ወንበርዎን ካላዞሩ፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ከእርስዎ ቀድሞ ያነበዋል።

ግልባጭ፦
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፤
ለአቶ አሕመዲን፣ ለአንድ ሰው የሸጡት መድኃኒት ስንት ሰው እንደሚውጠው ከእንግዲህ እንዲጠይቁ፤
ለልጄ ለየኔአለም አምባቸው፣ ግድግዳው ላይ ሳይለጠፍ በፊት፣ ከእጄ።