ስለ ባሕር አረሜ እና ስለሚያቀርቡልኝ ንግግር

ተማሪ ተመራማሪ ሆኖ «ከዚህ ቤተ ሙከራ ስወጣ ወዴት ልሄድ ነው?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ማን አለ?

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ሃልቮር፣ በሰሜን ኖርዌይ የባሕር አረም ቤተ ሙከራችን ኃላፊ፦

እንደምን ሰንብተዋል? የእኛ የተማሪዎችዎ የወደፊት ዕጣ የሚመከረው በእሑድ የበረዶ መንሸራተትዎ ላይ ስለሆነ፣ የጉልበትዎ ጤና የሁላችንም ጉዳይ ነውና ብርታቱን ያብዛልዎ።

አንደኛ፣ ባለፈው እሑድ ስለ ሙያ ዕድገቴ ሊመክሩኝ ተራራ ለተራራ ስለወሰዱኝ አመሰግናለሁ። «ቲሪል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይሰሙ ቁልቁል ተፈተለኩ። የሰማኝ አብሮኝ በረዶ ውስጥ የተቀበረው ጓደኛዬ ኤስኪል ብቻ ነው፤ እሱም «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ተነሺ፣ ከዚያ ትሆኛለሽ» አለኝ።

ሁለተኛ፣ በቤተ ሙከራችን ማዕረግ ሳይታወቅ፣ ሁላችንም በስማችን ብቻ የምንጠራራ መሆናችን ያኮራኛል። እኩልነታችን የሚያበቃው መድረክ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው፤ እዚያ የእርስዎ ስም ለሁላችንም ይበቃል።

ሦስተኛውን ለማመስገን ነው በእርግጥ ብዕር ያነሣሁት። ሁለት ዓመት በየገንዳው ውኃ እያሞቅሁ ያሳደግሁትን የባሕር አረም ውጤት በግንቦቱ የኮፐንሀገን ጉባኤ ላይ ሊያቀርቡልኝ በራስዎ ስም ተመዝግበዋል። «ልጅቷ ትጨነቃለች ብዬ እኮ ነው» ማለትዎንም ሰምቻለሁ፤ እንዲህ የሚያስብልኝ ከየት ይገኛል! ነገር ግን የዶክትሬት ተማሪ የሚፈልጉ ፕሮፌሰሮች ሁሉ የሚሰበሰቡት እዚያው አዳራሽ ነው፤ እርስዎ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጥዎና፣ ዶክትሬትዎን የያዙት እኔ ሳልወለድ ነው። ቦታ ፈላጊዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ ያቺን የንግግሩን ሩብ ሰዓት ይልቀቁልኝ። ብጨነቅም ልጨነቅ፤ መቼም ሳይጨነቅ የለመደ የለም። እርስዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ቢያዩኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ እኔ እንዳይጨነቁ እጅግ የምትጨነቅልዎ፣ ለጊዜው ተማሪዎ፣
ቲሪል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ አለ። ሌላው ሁሉ ሲሞት የሦስተኛው ገንዳ አረም ብቻ ለምን እንደተረፈ አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም። እኔ አውቀዋለሁ፤ እርስዎም እንደሚያውቁት ለአፍታ አልጠራጠርም። የተናጋሪን ስም መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ ነውና፣ እባክዎ ከዚያ በፊት ወይ መልሱን ወይ ፈቃድዎን ይጻፉልኝ።