የእማዬ ውጋት በእንግሊዝኛ

ይድረስ እንደ ወንድምም እንደ አባትም ለማይህ ለአያ ቂርቆስ።

እንደምን ሰነበትህ? ሰርካለምስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ያ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረህ ሳል ለቀቀህ ወይ? በሰው አገር ሱቅህ ያለበት ሰፈርስ ሰላም ሆነ? እኛ ተመስገን ነው፤ ጤፉ ታጭዷል፣ ከብቱም ደኅና ነው። የጎደለን የእማዬ ጤና ነው። ስልኩ አልያዝ ስላለኝ ደብዳቤውን ወደናንተ ለሚመለሰው ለክንፈሚካኤል በእጁ ሰጠሁት።

እማዬ ከመስከረም ወዲህ ቀኝ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፤ የበሉትም አይረጋላቸው። የውጭ አገር ሐኪሞች ባሕር ዳር መጥተው በነጻ ቀዶ ሕክምና ሊሠሩ ነው ሲባል ሰማን። ተራ ለመያዝ የበሽተኛው ሁኔታ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መላክ ነበረበት። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ለማን ልስጠው? እኔው ጻፍሁ። «ጎኗን ይወጋታል» የሚለውን ቃል በቃል «ሺ ኢዝ ስታብድ ኢን ዘ ሳይድ» ብዬ አስቀመጥሁት። ቃላቱ ለየብቻቸው ትክክል ናቸው፤ ሲጋጠሙ ግን ሌላ ነገር ወለዱ።

መልሱ መጣ። ሴትዮዋን በስለት የወጋት ማን ነው፣ ሰውየው ዛሬም አብሯት ይኖራል ወይ፣ እሷን ለብቻዋ ሳናነጋግር ተራ አንሰጥም፣ ይላል። ቅዳሜ ወደ ቤት፣ ገበዝ ማርያም ወጥቼ ለአባባ ነገርኋቸው። በረቱ ደጃፍ ተቀምጠው ሰሙኝና፣ «እኔ ወጋኋት ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አሉኝ። እያለቀስሁ አስረዳኋቸው። «ከቤት ይውጣ ካሉም እወጣለሁ፤ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ አድራለሁ። ብቻ ተራዋ አይለፋት» አሉ። አያ፣ እማዬን በክፉ ቃል እንኳ ነክተዋቸው የማያውቁ ሰው እኮ ናቸው።

እማዬ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉና፣ «ሌላ ቃል ፈልጊ፤ ግን ሕመሜን አታሳንሺው» አሉኝ። ጭንቄ ያን ጊዜ ባሰ። ሰኞ ቡሬ ሄጄ አብሮኝ የተማረውን መምህር ጌታሁንን አማከርሁት። «ስትሮንግ ፔይን»፣ ብርቱ ሕመም፣ ብትይስ አለኝ። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ባለቋንቋዎቹ ከባድ ዝናብን «ሄቪ» እንጂ «ስትሮንግ» አይሉትም፤ ሕመምንስ እንዲያ ይሉት እንደሆነ በምን አውቄ? መዝገበ ቃላቱን ስናገላብጥ «ሲቪር ፔይን»፣ ጽኑ ሕመም፣ አገኘን፤ ወረድ ብሎም «ስታቢንግ ፔይን»። ያው ውጋት ማለት ነው፤ «ሕመም» የሚለው ቃል ከጎኑ ሲቆም ግን ቢላው ከሰው እጅ ይወጣል። «ምግብ እምቢ አላት» ያልሁትን ጌታሁን ሳቀበት፤ ምግብ ሰው ነው ወይ እምቢ የሚል፣ ብሎ «ያስታውካታል» በሚለው ለወጠው።

አስተካክለን ላክን። ደውለው እማዬን ለብቻቸው በአስተርጓሚ አነጋገሩና ተራ ሰጧቸው። ሲታዩ የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ፤ ቀዶ ሕክምናው የኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። አስተርጓሚው ለሁሉ ስለማይዳረስ ከእማዬ አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ። እዚያ ቆሜ አንዱን ቃል ከማይሆነው ቃል ጋር ባጋጥምስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። አንተ ከባለቋንቋዎቹ ጋር ትውላለህና ከገጹ ጀርባ የጻፍሁትን እንግሊዝኛ ለደንበኞችህ አንብብላቸው። ልክ ነው ቢሉህ እንኳ ፊታቸውን እይ፤ ግር ያላቸውን ጽፈህ በስልክ ላክልኝ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ይደርሰኛል።

አባባ አሁን የምጽፈውን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሼ ካላነበብሁላቸው አይላክም ይላሉ። አይቆጡኝም። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እኔ አለሁበት?» ብለው ብቻ ይጠይቁኛል።

ሰርካለምን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ፤ ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እማዬ፣ «አይጨነቅ፤ ሳሉን ይታከም በይው» ብለዋል። ቄስ ወልደ ዮሐንስ በጸሎት አልረሳውም ይላሉ። የአባባን ሰላምታ ልጻፍ ብላቸው፣ «ከሐኪም ቤት ይዣት ስመለስ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉኝ።

እህትህ ሕሊና ደረሰ
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.