ጀርባዬና የታንጉት ጥሪ

የካቲት 12፣ ሚካኤል። ረፋድ።
ቤ/ክ አልደረስሁም። ከአጥር ጥግ ቁጭ አልሁ። ግራ እግሬ የሰው እግር መሰለኝ። ጎንበስ ስል ብቻ ያስታግስልኛል። መንገደኛው ሰላም ያልሁት መስሎት እጅ ይነሣኛል። አንተ ደብተር፣ ለማንም አትንገር።

የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት።
ልጄ የሺ ጎትታ ደ/ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው፣ አባቴ ይለኛል። የወገብዎ አጥንት ውስጡ ጠቦ ነርቩን ጨቁኖታል፣ ካልተሠራ እግርዎ ይቀራል አለ። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በትንሽ ቀዳዳ ቱቦና ካሜራ አስገብቶ ነው፤ ሥጋው ብዙ አይቆረጥም፣ ደሙ ያንሳል፣ ቶሎ ቤት ይገባል። ሌላው ጀርባን ሰፋ አድርጎ መክፈት ነው። ሐኪሙ በዐይኑ እያየ ይሠራል፣ ቁስሉ ግን ይከብዳል፣ መነሣቱም ይዘገያል። ከከረመ ወዲያ ግን ብዙው ሰው በሁለቱም ያው ነው አለ።
የሺ ቀዳዳውን ወደደች። በቀዳዳ የሚገባ ሌባ ነው፣ ባለቤት በበር ይግባ አልሁ። ዶ/ሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 18። ከብት መግቢያ።
ዛሬም ተጣራች። ታንጉት። ሚስቴ። ከበረቱ በኩል፣ እንደ ዱሮዋ፦ «አንቱ! ኑ ግቡ እንጂ!»
ተስካሯን ካወጣሁ ስንት ክረምት አለፈ። ሙት ሲጣራ አቤት አይባልም፤ አቤት ያለ ይከተላል። ጥርሴን ነከስሁ። ነቅቼ ሳለሁ አፌን መያዝ እችላለሁ።

የካቲት 21፣ ማርያም።
ጎረቤቴ ቢሻው መጣ። አ/አ ሄዶ ሰፊውን የተሠራ ነው። ሸሚዙን ገልቦ አሳየኝ። ጠባሳው ትልም ይመስላል።
«ቀዳዳ ተሠርተህ ብትመጣ ማን ያምንሃል? ከወንፈል ስትቀር ሰነፈ ነው የሚሉህ!»
እውነቱን ነው። ሰው ማሳዬ ላይ ቀን ውሎልኛል። ብድሩን ሳልመልስ፣ ቁስል ሳላሳይ መቅረት ነውር ነው። ሰፊው ይሁን ብዬ ነበር። ሲወጣ ግን፣ የማደንዘዣው እንቅልፍ ጭልጥ ያለ ነው፣ ሳላውቀው ሳወራ ነበር አሉ ብሎኝ ሄደ።
ተኝቼ ሳለሁ ታንጉት ብትጣራ አፌን ማን ይይዝልኛል?

የካቲት 23፣ ጊዮርጊስ።
በስልክ አስጠየቅሁ። ቀዳዳውን አንዳንዱ ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ ነቅቶ ይሠራዋል አለ ዶ/ሩ። እፎይ። ቀዳዳው ይሁን አልኋት የሺን። ምክሬን ሰማ ብላ ደስ አላት። ደስ ይበላት።

የካቲት 27፣ መድኃኔዓለም።
ሐኪም ቤት የተነሣሁት የወገቤ ፎቶ ታየ። የዶ/ሩ ፊት ጠቆረ። አጥንቱ ከቦታው ተንሸራቷል፣ የጠበበውም አንድ ቦታ አይደለም። ለሌላ ሰው ቀዳዳው ይበጃል፣ ለእርስዎ የማምነው ሰፊውን ነው፤ ብሎን ይገባል፣ ሙሉ እንቅልፍ ነው አለ።
እምቢ አልሁ። የሺ አለቀሰች። «አባዬ፣ ቀዳዳ ሲሉዎት በር፣ በር ሲሉዎት ቀዳዳ! ምን ፈርተው ነው?»
እኔ? ፈርቼ? አልነገርኋትም።

የካቲት 29።
ከመደቡ ስወርድ ወደቅሁ። እግሬን አዘዝሁት፣ አልሰማኝም። የሺ አነሣችኝ፣ እንደ ሕፃን። እንዲህስ አልኖርም።

መጋቢት 1፣ ልደታ።
በየሺ ትከሻ ተደግፌ ታንጉት መቃብር ድረስ ሄድሁ። የሺን ራቅ በይ አልኋት። ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ስል ሕመሙ ተወኝ። ነገርኋት። ታንጉት፣ ጀርባዬን ሊከፍቱት ነው። እተኛለሁ። ያን ዕለት አትጥሪኝ። ንቄሽ አይደለም። ወንፈል አለብኝ። የሰው ቀን በልቼ አልመጣም።
ንፋስ እንኳ አልነበረም።

መጋቢት 3፣ በዓታ። ከብት መግቢያ።
ነገ መሄዴ ነው። ለሰፊው ፈረምሁ። በጣት አይደለም፣ በብዕር።
ይኸው ተጣራች። ቀስ ብላ። «አንቱ…»
አቤት አላልሁም። ቆዪ አልኋት።
የበረቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ። እኔ አልዘጋሁትም። የሺ እዚሁ አጠገቤ ናት፣ እሷም ድምፁን ሰምታ ቀና አለች።