ያነደድኳቸው የኢላማ ወረቀቶች

አዋሽ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሰመራ ያለችው ልጄ የኢላማ ተኳሾች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገብታኛለች። ዛሬ ከሟቹ ባለቤቴ ጋር ይወዳደሩ የነበሩት ጋሽ ሁሴን ከሚሌ “እሱ ጋ የነበሩት የኢላማ ወረቀቶች አሉ?” ብለው በግል ጠየቁኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ጻፍኩላቸው። አንድ እሑድ ትቶኝ ለውድድር ሲሄድ ተናድጄ፣ ያስቀመጣቸውን ወረቀቶች ሁሉ ከሰል አቀጣጠልኩባቸው። አንድም ቀን አልወቀሰኝም።

“ወላሂ እህቴ፣ የሱማ እኔ ጋ ናቸው!” አሉኝ። “ከውድድር በኋላ እንለዋወጥ ነበር። ያነደድሽው የእኔን ነው።”

ይህን ሁሉ ዓመት ይቅርታ የምለምነው ሟቹን ነበር። ለካ የተበደሉት ሚሌ ያሉት ሰው ነበሩ። “ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ሁሴን” ብዬ ጻፍኩ። አንብበውታል።