የሁለት ቀን ወታደር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ዘነበ፤

እንደምን ሰነበቱ? የካርቱም ሙቀትና አቧራ እንዴት አደረገዎት? ያ ደረቅ ሳልዎ ለቀቀዎት ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳዎታል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ወንድሜ መንገሻ ከጋራዡ ሥራ ጋር ተላመደ? አክስቴ የወርቅውሃስ ዓይኗን ታከመች? እኔ በአካሌም በመንፈሴም ደህና ነኝ፤ እርሱ የላይኛው ይመስገን። እዚህ አሁን ክረምት ነው፤ ነገር ግን የሳን ሆዜ ክረምት ዝናብ ብቻ ስለሆነ ሹራብ ከለበሱ ይበቃል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ኦክላንድ አብራኝ ትኖር የነበረችው ጓደኛዬ ሸዋረጋ ስለ ትምህርቴ ከጻፈችልዎት ደብዳቤ ጋር የላከችልዎትን ፎቶግራፍ አይተው በጣም እንደደነገጡ ተረዳሁ። «ይህ የለበስሽው የወታደር ልብስ ነው ወይስ የሆስፒታል?» ብለው ጀምረው፣ «እኛ መንገሻን ከብሔራዊ ውትድርና ለማስጣል አገር ጥለን ስንወጣ፣ አንቺ በገዛ ፈቃድሽ ገባሽ?» ብለው ጨርሰዋል። ስገባ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ መንገድ ላይ መቅረቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የሚያውቁ መስሎኝ ከዚያ ወዲህ በጻፍኳቸው አላነሣሁትም። እማዬ አለቀሰች ማለትዎ አንጀቴን በላው። ሆኖም ከቁጣዎ መሃል «ለመሆኑ ወታደር ሆኖ ትምህርት ቤት መግባት እንዴት ያለ ነገር ነው?» የምትል ጥያቄ አገኘሁና ደስ አለኝ። ድሮም እርስዎ ነገር ሳያጣሩ አይፈርዱም። እኔም የወጣሁት እርስዎን ነውና ያየሁትን እንዳየሁት ልንገርዎ።

ነገሩ የተጀመረው በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ ነው። አብራኝ የምትሠራ ግሎሪያ የምትባል የኦክላንድ ሴት ነበረች። በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሁድ ትጠፋለች፤ ሰኞ ጫማዋ እንደ መስተዋት እያበራ ትመጣለች። ወዴት እንደምትሄድ ብጠይቃት «ሪዘርቭ ነኝ፤ በወር አንድ ዊኬንድ ወታደር ነኝ» አለችኝ። እንደምትቀልድብኝ ቆጠርኩት። «ታዲያ ጠላት ሰኞ ቢመጣስ?» ብላት አንሶላው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ተጠባባቂ ጦር ማለት እንዲህ መሆኑን፣ ሰው በሥራው ላይ እያለ እየሠለጠነ እንደሚቆይና ሲጠራ ብቻ እንደሚሄድ ያስረዳችኝ እሷ ናት። አባዬ፣ እኛ አገር ወታደር ማለት አንዴ ከሄደ ደመወዙም ሬሳውም በሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ሰው ነው። እሁድ ማታ ወደ ልጆቹ የሚመለስ ወታደር ምን ዓይነት እንደሆነ በዓይኔ ለማየት ጓጓሁ።

ግሎሪያም አንድ ቀን ኦክላንድ ወዳለው የጦር ክፍሏ ይዛኝ ሄደች። የእነሱ ክፍል የሕክምና ነው። ፖስተኛው፣ የባንክ ጸሐፊዋ፣ ሚልፒታስ ከተማ ካለ ፋብሪካ የመጣው ሰውዬ፣ ሁሉም አረንጓዴ ለብሰው ቃሬዛ ተሸክመው ሲሮጡ አየሁ። የትምህርት ጉዳይ የሚያስረዳው ሳጅን ጋ አስገባችኝ። ነርስነት ለመማር ምን ያህል ጊዜ አፕላይ አድርጌ በገንዘብ አቅም ምክንያት እንደቀረሁ ያውቃሉ። ሳጅኑ እንደነገረኝ፣ በቅርቡ የወጣ ሕግ አለ፤ በሪዘርቭ ብቻ ስድስት ዓመት ለማገልገል የፈረመ ሰው ለትምህርቱ የተወሰነ ድጋፍ ያገኛል። ሙሉውን ድጋፍ ለማግኘት ግን ሁለት ዓመት በመደበኛው ጦር ውስጥ፣ እዚህ አክቲቭ ዲዩቲ በሚሉት፣ ማገልገል ከዚያም አራት ዓመት በሪዘርቭ መቆየት ያስፈልጋል። «ሥልጠናውስ ከሁለቱ ዓመት ይቆጠራል?» አልኩት። አይቆጠርም አለ። «የአገሩ ዜጋ ሳልሆን ይቀበሉኛል?» አልኩት። የመኖሪያ ፈቃድ ካለሽ ይበቃል አለ። «መሃል ላይ ብታመምስ? ባረግዝስ? ትምህርቱን ባቋርጥስ?» እያልኩ ሳጣድፈው መነጽሩን አውልቆ «አንቺ ልትቀጠሪ ነው ወይስ ልትመረምሪኝ?» አለኝ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ግን አላሳቀውም። «ጦርነት ቢነሣስ?» አልኩት። «ከተጠራሽ ትሄጃለሽ። ይህን ያልነገረሽ ሰው ዋሽቶሻል» አለኝ። እኔን የያዘኝ ይህ መልሱ ነው። እኛ ቀበሌ መንገሻን ሲጠሩት «ለሥልጠና ነው፣ ቶሎ ይመለሳል» ነበር ያሉት፤ የት እንደሚሄድ የነገረን ሰው አልነበረም። ሳጅኑ አልገፋፋኝም፤ ቤትሽ ሄደሽ አስቢበት ብሎ አሰናበተኝ። ብዙ አሰብኩበት። ሸዋረጋ «አብደሻል፣ ከውትድርና ሸሽተሽ ውትድርና?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ፈረምኩ።

ከሥልጠናው በኋላ የተመደብኩት ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የጦር ሆስፒታል ነው። ሁለቱን ዓመት ያሳለፍኩት ሽጉጥ ሳይሆን ፋሻና መቀስ ይዤ ነው። አባዬ፣ እርስዎ በሐረር ጦር ሆስፒታል ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰር በነበሩበት ጊዜ ቤት ሲመጡ የሚሸተውን ያንን የመድኃኒት ሽታ እዚህ አገኘሁት። ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም።

እዚያ ያገኘሁትን አንድ ሰው ግን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። ዴኒስ ይባላል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሚልፒታስ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሲገጣጥም ኖሮ፣ መሐንዲስ እሆናለሁ ብሎ እንደኔው ሁለት ዓመት ሊያገለግል የገባ ነው። በልምምድ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦበት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ቁስሉን የማጥበው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ቀን ፋሻውን ስፈታ መቀሱ ከእጄ አመለጠኝ፤ እሱም አየው። እሱ ላለመፍራት ይሁን እኔን ላለማሳፈር እንጃ፣ «አንቺ ለምን ገባሽ?» ብሎ ወሬ ጀመረ። «ልማር ብዬ» አልኩት። «እኔም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀው ጀመር። ሁለት ዓመቱን ሳይጨርስ ስለሚሰናበት የትምህርቱ ነገር የቀረበት መሰለው። ሚስቱ ስትመጣ ስለ እግሩ አያወሩም፤ ስለ ትምህርቱ ነው የሚያወሩት። «አንቺ መጠየቅ ትወጃለሽ፤ እስቲ ጠይቂልኝ» አለኝ። እኔም በምሳ ሰዓቴ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው ነገ ነይ ይለኛል። በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ሰነዱን አገላብጣ፣ በአገልግሎት ላይ በደረሰበት ጉዳት የተሰናበተ ሰው መብቱ እንደማይቀርበት፣ እንዲያውም ለአካል ጉዳተኛ ሌላ የተሻለ ድጋፍ እንዳለ አስረዳችኝ። እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኩት። ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበቱ ጎተተ። ኋላ «ታዲያ እግሬ ቀድሞኝ ኮሌጅ ተመዘገበ በይኛ» አለ። ሚስቱ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ቆምኩ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ እርስዎ ነው፤ ለምን ብለው ከጦር ሆስፒታሉ ሥራ እንደወጡ ነግረውን አያውቁም፤ እኔም ጠይቄዎት አላውቅም።

እኔ ባለፈው መስከረም መጨረሻ በክብር ተሰናበትኩ፤ አሁን ወደ ሪዘርቭ ተዛውሬ እንደ ግሎሪያ የሁለት ቀን ወታደር ሆኛለሁ። ወደ ሳን ሆዜ የመጣሁት ለትምህርቱ ነው። የነርስ ትምህርት ጀምሬአለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ከሁሉም እበልጣለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ግን ከሁሉም ያንሳል። አስተማሪው ሲፈጥን ካሴት እቀዳና ማታ ደግሜ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ዴኒስ በሰው ሠራሽ እግሩ፣ በከዘራ፣ ቦርሳ ጀርባው ላይ አዝሎ የኮሌጁ ደረጃ ሥር ቆሟል። ኤሌክትሮኒክስ ሊማር ተመዝግቧል። አሳንሰሩ ከጎናችን ነበር። «ና በዚህ እንውጣ» ስለው «እሱን ሲደክመኝ እጠቀምበታለሁ» አለ። ቦርሳውን ልያዝልህ ስለውም እምቢ አለ። «ሂጂ፣ ክፍል ይረፍድብሻል» አለኝ። ከላይ ሄጄ ጠበቅሁት። ተማሪው ሁሉ በግራና በቀኝ እየሮጠ ያልፈዋል፤ እሱ አንዱን እግሩን ያስቀድማል፣ ያርፋል፣ ሌላውን ያስከትላል። ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። ሁለታችንም በየክፍላችን አርፍደን ገባን።

አባዬ፣ «አልተጸጸትሽም?» ብለው ጠይቀውኛል። እስካሁን አልተጸጸትኩም። ግን በሰላም የጨረስኩት ከዴኒስ ስለተሻልኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሪዘርቭ በምቆይበት አራት ዓመት ሙሉም ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ትንሽ መደንገጡ አይቀርም። መንገሻ አለመሄዱ ትክክል ነበር፤ የኔ መግባት ትክክል መሆኑን ገና እየጠየቅሁ ነው። እርስዎን ደግሞ ይህን ልጠይቅዎ፤ ሐረር እያሉ ቁስላቸውን ያጠቡላቸው ወታደሮች ለምን እንደገቡ ይነግሩዎት ነበር? እርስዎስ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? በረጅሙ ይጻፉልኝ። ከመጽሐፌ የማላገኘው ይህን ነው።

እማዬን ዓይኗን ሳሙልኝ፤ ልጅሽ የያዘችው መቀስና ፋሻ ነው በሏት፣ እንዳታለቅስ። መንገሻ ከመኪና ሥር ሲወጣ ደብዳቤ ይጻፍልኝ፤ እንግሊዝኛውንም አይተው። አክስቴ የወርቅውሃ የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ታድርግ፤ ይህን እንደ ነርስ ነው የማዛት። ጎረቤታችሁን አቶ ጌታቸውን፣ ደብዳቤዬን እየተቀበሉ ስለሚያደርሱልን፣ እጅ ነሥታለች በሉልኝ። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜ ምርቃትዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ዓለምፀሐይ ዘነበ
ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ
የካቲት 5 ቀን 1981 ዓ.ም.