ከረሜላ ነው አሉኝ

ኅዳር 12
ብርዱ ለጉድ ነው። ጠዋት የወረደልኝ አሳማ በረዶ ሆኖ ቢላዋው ነጠረ፣ ጣቴን ሊወስደው ነበር። ተራገምኩ። ደንበኞቼ ሳቁ። ጂንዦ ከተማ ውስጥ እንደ ዩፌን አፏ የከፋ ሥጋ ሻጭ የለችም ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አባዬ እንቁላል በፌስታል ይዞ መጣ። ከየት? ከድሮው ሲኒማ አዳራሽ። ዘፈን ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ በነፃ ተሰጠው። በነፃ! በዚህ ዘመን ማን ነው በነፃ የሚሰጥ? ፋን ሌ የሚባል ጎረምሳ ነው አለ። ሽማግሌውን ሁሉ አባዬ፣ አሮጊቷን ሁሉ እማዬ ይላል። ተንበርክኮ እግራቸውን ያጥባል።

"አንቺ እግሬን አጥበሽው ታውቂያለሽ?" አለኝ። እንቁላሉን መቁጠር ጀመርኩ።

ኅዳር 20
ከእንቁላሉ በኋላ ፋን ሌ የሸጠለት ብልቃጥ መጣ። የተራራ ሥር ነው፣ ስኳር ይነቅላል አለኝ። የአባዬ ስኳር ስንት ዘመኑ... ሐኪም ያልነቀለውን ዘፋኝ ይነቅለዋል? ብልቃጡን ልወረውረው ስል እጄን ነከሰኝ። አዎ፣ ነከሰኝ! ጥርሱ የራሱ ነው፣ ደማሁ። እኔም ገፈተርኩት። ጎረቤታችን እትዬ ዦንግ ገብታ ገላገለችን። እሷም ትውጠዋለች። የተፈጥሮ ነገር ምን ያደርጋል ትላለች። የእባብ መርዝም የተፈጥሮ ነው አልኳት፣ ተቀየመችኝ።

ኅዳር 29
ስኳሩ ወረደ። በመለኪያው ራሴ አየሁት። አባዬ ኩሽና ውስጥ ጨፈረብኝ። የሐኪሙን ክኒንም አልተወም፣ ሁለቱንም ይውጣል። ሠራ እኮ... ታዲያ ለምን ደስ አይለኝም?

ታኅሣሥ 8
ወደቀ። ሾርባ እየጠጣ ሳለ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ግንባሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው፣ ደም በደም ሆነ። ተሸክሜው ሮጥኩ። ሆስፒታል እንዴት እንደደረስን አላውቅም።

ሐኪሟ ስኳሩ አልቆ አንጎሉ ተርቦ ነበር አለችኝ። ይነቃል? እንጃ። ብልቃጡን ተቀብላኝ ላስመርምረው አለች።

ታኅሣሥ 11
አልነቃም።

የብልቃጡ ውጤት መጣ። ተራራ የለም፣ ሥር የለም። የስኳር በሽታ ክኒን ፈጭተው ከተውበታል፣ ያውም ሐኪሞች ለሽማግሌ አንሰጥም ያሉትን ጠንካራውን። ላዩ ላይ አልተጻፈም። አባዬ ደርቦ ሲውጥ ነው የከረመው። የሠራው ለዚህ ነበር።

ታኅሣሥ 12
የገበያ ቁጥጥር ቢሮ ሄድኩ። ቹ የሚባል ጨዋ ልጅ ብልቃጡን ገለበጠና ከሥር በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን አነበበልኝ። ከረሜላ። የከረሜላ ፈቃድ ነው ያለው! የሆስፒታሉ ወረቀት አይበቃኝም፣ እኛ ራሳችን አስመርምረን ነው አዳራሹን የምናሽገው አለ። መቼ? ወረፋ አለብን። ከረሜላ ሁሉ ለገበያ ሳይወጣ እንደ መድኃኒት ይፈተሽ ብንል ደግሞ ስንቱ ሱቅ ይዘጋል፣ እትዬ? አለኝ።

ገበያ ተመልሼ የአሳማ ጭን አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ወረቀቱ በደም ራሰ።

"ይቺን ማኅተም ታያታለህ? ያለሷ አንዲት ቁራጭ ብሸጥ ታሽገኛለህ። የአሳማው ጉበት ይታያል፣ ሳንባው ይታያል፣ ትል ይፈለግበታል። ሳይሸጥ በፊት! አባቴ ሆድ የሚገባውንስ ማን አየው?"

የራሰውን ወረቀት አንስቶ አራገፈ። ልጁ አያስቀይምም፣ የሚያስቀይመው ሕጉ ነው። ግን ሕጉን በጥፊ አይመቱት...

ታኅሣሥ 13
የሚመታውን መታሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፋን ሌ መድረክ ላይ ይዘፍናል። ቢላዋ አልያዝኩም፣ ብይዝ ዛሬ ገዳይ ነበርኩ። በኮሌታው ጎትቼ አወረድኩት። በቡጢ አፍንጫውን አልኩት፣ ሲሰበር ሰማሁት። ደገምኩ። ጥርሱ እጄ ላይ ቀረ። አባቴ እየሞተ ነው እያልኩ ነው የምመታው። እሱ ግን ተንበርክኮ "እናቶቼ፣ አድኑኝ!" አለ።

ተነሡብኝ። የማውቃቸው ሽማግሌዎች፣ ሥጋ የምመርጥላቸው! በከዘራ ጎኔን፣ ጀርባዬን። አንዱ ጆሮዬን ጠምዝዞ ያዘ። እትዬ ዦንግ የፈላ የፔርሙስ ውሃ አንገቴ ላይ ደፋችብኝ። ልጃችንን ገደለችው ይላሉ። ልጃችን!

ፖሊስ መጣ። ማንን እንደሚወስድ ለመጠየቅ እንኳ አልዘገየም። ይህን የምጽፈው ጣቢያ ውስጥ፣ በተለመነ ወረቀት ላይ ነው። አንገቴ ተልጧል።

ታኅሣሥ 25
ተፈታሁ። አባዬ ነቅቷል! ነርሷ በስልክ ነገረችኝ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ግን ቀስ በይ አለችኝ... አንጎሉ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ቹ ውጤቱ መጥቶለት አዳራሹን አሽጓል። ባዶ አዳራሽ። ፋን ሌ የተሰበረ አፍንጫውን ይዞ ከጠፋ ሰነበተ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ብልቃጥ፣ ሌላ የከረሜላ ፈቃድ። ሰው ከወደቀ በኋላ የሚመጣ ቁጥጥር ምኑ ቁጥጥር ነው?

ጥር 6
አባዬን ቤት አመጣሁት። ቀኝ እጁ አይታዘዘውም።

እትዬ ዦንግ በር አንኳኳች። ይቅርታ ልትል መስሎኝ ነበር። ብልቃጡ ካለቀ ወዲህ ስኳሬ ወጣ፣ ያ ልጅ የት እንደሄደ ሰምተሽ ይሆን? አለችኝ። በርጩማ አነሳሁ። ሮጠች። ደረጃው ላይ ተንሸራታ ጉልበቷን ተላጠች፣ ወርጄ አነሳኋት። እየሰደብኳት ሆስፒታል ድረስ ወሰድኳት።

ጥር 20
ነገ የጨረቃ አዲስ ዓመት ነው። ሰፈሩ በርችት ተናውጧል። በሊጥ የሚጠቀለለውን የበዓል ሥጋ በሁለት ቢላዋ ስከትፍ አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። እጄን ከፍ ሳደርግ በደህናው እጁ ራሱን ሸፈነ። አባቴ... ከኔ!

ቢላዎቹን አስቀመጥኩ። ፊቱ ተንበረከክኩ። ምን ሆንክ፣ አባዬ?

"አንቺ ሴትዮ፣ እንዳትነኪኝ" አለኝ። አፉ ይንተባተባል። "ልጄ ትምጣ ብቻ። ሥጋ ሻጭ ናት። ማንንም አትፈራም። ልክሽን ታሳይሻለች።"

የሞቀ ውሃ በሳፋ አመጣሁ። ካልሲውን አወለቅኩለት። እግሩ ቀዝቅዟል።

ትመጣለች አልኩት።